በወይራው ሥር የፈለቀው እጣቢ

አዋጅ! በደብረ ታቦር ከተማ ባልዲ አንጠልጥለህ ወረፋ የምትጠብቅ፣ የቧንቧ ጉርጉርታ በሰማህ ጊዜ ከጸሎትህም ከጠብህም ተነሥተህ የምትሮጥ ሰፊ ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! የአንዲት ጠባብ ሻወር ቤት አስተዳዳሪ፣ የሳሙና ቁራጭ አዳይ፣ የነጠላ ጫማ ጠባቂ፣ የእጣቢ ሁሉ የበላይ አዛዥ የሆነው ጥላዬ በዚህ ዘመን ታላቅ ነገር አድርጓል። ከወይራ ሥር ውኃ አፍልቋል። ነጋሪት እንዲጎሰምለት ታስቦ ነበር፤ ጎሳሚው ግን ውኃ ወረፋ ላይ ስለነበረ አልተገኘም።

ጀግናችን የተወለደው ጋፋት አጠገብ ነው። አገሩን በተናገረ ቁጥር ሰው ስለ ቴዎድሮስ መድፍ ይጠይቀዋል። «መድፉን ሌሎች ናቸው የሠሩት፤ እኛ ቤት የነበረው ገብስ ነው» ይላል። ገብሱም ብዙ አልቆየም። መሬቱ ለወንድማማች ሲከፈል ለእርሱ የደረሰችው ቁራሽ ጥማድ በሬ የማታዞር ሆነችና ወደ ከተማ ወጣ። መጀመሪያ በአህያ ውኃ እየጫነ ለየቤቱ ያደርስ ነበር። ሚስቱን ፍቅርተን ያገኛትም በዚሁ ሥራ ነው፤ «ጀሪካኑ ጎደሎ ነው» ብላ ደጃፏ ላይ ተጣላችው። ተጋብተው ልጅ ድረው እንኳ ክርክሩ አላለቀም፤ ጥላዬ እስከ ዛሬ «ሙሉ ነበር» እንዳለ ነው። አህያዋ ስታረጅ ሻወር ቤቱን ተከራየ። ውኃ ከመሸከም ውኃ ማፍሰስ ይሻላል ብሎ ነው።

በከተማችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ግን በፈረቃም አይገኝም። ክረምት ላይ ሰማዩ ተቀዶ ጎርፉ የሰው ጫማ ይዞ ይሄዳል፤ መጋቢት ሲገባ ያ ሁሉ ውኃ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። ነጋዴው ግማሽ ቀን ተሰልፎ የቀዳውን ንጹሕ ውኃ፣ አቧራ እንዳይነሣበት ብሎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይረጨዋል። ረጭቶ ሲያበቃ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «በውኃ ጥም ጨረሱን እኮ!» ይላል። የንቃተ ሕሊናችን ቁመት እዚህ ድረስ ነው።

ውኃ በመጣ ቀን ታዲያ ከተማው እድፉን ይዞ ጥላዬ ዘንድ ይጎርፋል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ አይጣል ነው፤ ሰንበትን በንጹሕ ገላ መቀበል የማይፈልግ ክርስቲያን የለም። እጣቢው ከሻወር ቤቱ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድና ከታች ካለችው ከጠላ ሻጯ ከውዴ ደጃፍ ይተኛል።

«አያ ጥላዬ፣ ኧረ የሰው እድፍ በደጄ እስከ መቼ ይፍሰስ?» ትለዋለች። «ደንበኞቼ እኮ ገና ሳይጠጡ ነው የሚንገዳገዱ!»

«ልምምድ ነዋ! ሲወጡ አይቸገሩም።»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ቀበሌ ሄጄ ባላዘጋህ ውዴ አይደለሁም።»

ውዴ ጨጓራዋን ያማታል። ከጤና ጣቢያ ኪኒን ተሰጥቷት እየዋጠች ነበር። ለአፏ ግን እስካሁን የታዘዘ መድኃኒት የለም። እንዳለችውም አደረገች፤ ቀበሌው ጥላዬን ጠርቶ «እጣቢህን አንድ ካላልኸው ቤቱን እናሽጋለን» አለው።

በዚህ መሀል ሥልጠና መጣ። ሥልጠና እንደ ዝናብ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳያርስ ይሄዳል። በአዳራሹ ስለ ውኃ እጥረት የሚናገር ባነር ተሰቀለ፤ ለተሳታፊው ሁሉ የታሸገ ውኃ ታደለ፤ ተሳታፊውም ግማሽ ግማሹን እየጠጣ የቀረውን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። መድረኩን የሚመራው ሀብታሙ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። «ማኅበረሰቡ ያገለገለ ውኃን መልሶ የመጠቀም ባህሉን ሊያጎለብት ይገባል» ሲል ጥላዬ እጁን አወጣ።

«እጣቢውን ማለትህ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ አባቴ፣ በእናንተ ቋንቋ እጣቢ።»

የሀብታሙ እናት የምትናገረው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልተገለጸም። ሆኖም በግድግዳው ላይ ያሳየው ሥዕል ትክክል ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እጣቢው በየተራ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል በያዙ በርሜሎች ያልፋል፤ ከዚያ ሸምበቆ በተተከለበት ቦይ ሰክኖ ይወጣል። «ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አይጠጣም» አለ ሀብታሙ። «ለችግኝ፣ ለጭቃ፣ በስሎ ለሚበላ አትክልት ነው።» ጥላዬ ይህችን በደንብ ያዛት። በርሜል ለመነ፣ አሸዋ አመጣ፣ ከሰል ፈጨ። ከቦዩ ጫፍ መዝጊያ አስገጠመና ቧንቧውን ከውዴ ጓሮ ባሻገር ካለው ወይራ ሥር አወረደው። ወይራው አጠገብ ቀበሌው ችግኝ ይተከልበት ያለው ባዶ ቦታ አለ፤ በዚያው በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው የእግር መንገድ ያልፋል።

ስሕተቱን ለመሥራት ብዙ አልደከመም። ቧንቧውን ከብት እንዳይረግጥበት ቀበረው። አፉንም ልጆች እንዳይደፍኑበት በድንጋይ ሸፈነው። ሥራው ሳያምርለት ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ለማንም አልተናገረም። በማግሥቱ አንበሳሜ ያሉት አክስቱ ማረፋቸውን ሰማና ቤቱን ለፍቅርተ ትቶ ለቅሶ ሄደ፤ እዚያም ከሳምንት በላይ ሰነበተ።

እንግዲህ አስቡት። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ምድሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሕዝቡ ከኪዳን ሲመለስ፣ ትናንት አቧራ ከነበረበት ከወይራው ሥር፣ ከድንጋይ መሀል ጥርት ያለ ውኃ ኩልል ይላል። ሌላው ዓለም ቢሆን «የማን ቧንቧ ነው የፈነዳው?» ይል ነበር። የእኛ ሰው ጫማውን አወለቀ።

ጥላዬ ከለቅሶው ሲመለስ ወሬውን የሰማው ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ባዶ ጀሪካን ታቅፈዋል።

«ወዴት ነው እናቴ?»

«አልሰማህም? ደብረ ታቦር ጠበል ፈልቋል! ሽታው ራሱ ሽቶ ሽቶ ይላል አሉ። ደግሞ ለሰንበት ይበረታል፤ ቅዳሜ ማታ ጀምሮ ይጎርፋል፤ ሰንበትን ያከብራል እኮ!»

ጥላዬ አማተበ። ጉልበቱን ካመመው ቆይቷል፤ ቤቱ ሳይገባ፣ ከአሮጊቷ ጋር ተያይዞ ጠበሉን ፍለጋ ወጣ። ሰልፉ ረጅም ነው። እየተንፏቀቀ፣ «አቤቱ ይቅር በለን» እያለ፣ ወይራው ሥር ሲደርስ ድንጋዮቹን አየ። አንዱን ያውቀዋል፤ ሲያነሣው ጣቱን የቀጠቀጠው ድንጋይ ነው።

ድንጋዩ አጠገብ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ ግን «መንፈሱ ነካው» ብሎ ቦታ ሰፋ አደረገለት።

ከፊቱ ውዴ ቆማለች፤ ጣሳውን ሞልታ ወደ አፏ አስጠግታለች።

«ውዴ፣ ተይ አትጠጪ!»

«ምነው? ጠበሉንም ጠላ ሻጭ አይጠጣውም ልትል ነው?»

«ኪኒንሽ አለ አይደለም እንዴ?»

«ጥየዋለሁ። ጠበልና ኪኒን አንድ ላይ አይሄድም፤ በእምነት ይዠዋለሁ። ለሌቱም የሚሆን ራስጌዬ በጀሪካን አስቀምጫለሁ።» ጭልጥ አደረገችው። «ጣዕሙም ልዩ ነው!»

ቤት ሲደርስ ፍቅርተ ፎጣ እያሰጣች ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ሰው አሳጠብሁ።»

«ሲጠጡት እያየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሕዝበ ክርስቲያኑ ተንበርክኮ ሲስመው ደርሼ ‹እጣቢ ነው› ልበል? በል አንተ ንገራቸው። ለቀብርህ የምለብሰው ጥቁር ቀሚስ ግን ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ እሱን ጠብቅ።»

«እንግዲያውስ መዝጊያውን እዘጋዋለሁ። ደረቀ ብለው ይተውታል።»

«ይተውታል? ኃጢአታችን ነው ያደረቀው ብለው ምሕላ ይይዛሉ። ሌላ ቀን ስትከፍተው ተአምሩ እጥፍ ይሆናል። ደግሞስ በየቤቱ የተቀዳውን በምን ልትዘጋው? ውዴ ራስጌዋ ያስቀመጠችውን መጠጣቷን ትተዋለች?»

ጥላዬ ዝም ካለ ውዴ የከተማውን ገላ እየጠጣች ያለ ኪኒን ትሰነብታለች። ከተናገረ ደግሞ ለክርስቲያን እጣቢ ያጠጣ ሰው ተብሎ ቤቱም ስሙም ይፈርሳል። በነጋታው ወደ ሀብታሙ ቢሮ ሄደ። ባለሙያው ፊቱ በራ።

«ሰማሁ አባቴ! ማኅበረሰቡ ውጤቱን በነቂስ ወጥቶ እየተጠቀመበት ነው አሉ። የባለቤትነት ስሜት ማለት ይኸ ነው።»

«ልጄ፣ እየጠጡት ነው።»

«ለችግኝ...»

«በጣሳ። እየሳሙ።»

ሀብታሙ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «ይህ በኮሚቴ መታየት ያለበት ጉዳይ ነው» አለ።

«ኮሚቴው መቼ ይቀመጣል?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

ኮሚቴ እስኪቀመጥ ጨጓራ አይቆምምና ጥላዬ ወደ ቄስ ምሕረትአብ ሄደ። የነፍስ አባቱ ናቸው። ሁሉንም ነገራቸው፤ በርሜሉን፣ ከሰሉን፣ ድንጋዩን፣ ውዴን።

«እኔም ሰንበትን ያከብራል ሲሉኝ ገርሞኝ ነበር» አሉ ቄሱ። «አልባረክሁትም፤ ጠበል ነው ብዬም አላስተማርሁም።»

«አይደለምስ ብለዋል፣ አባ?»

ቄሱ ቀና ብለው አዩት። «አላልሁም። ሕዝቡ ደስ ብሎት ሳየው አንጀቴ አልቆርጥ አለኝ። ይኸ የእኔ ነው፤ እኔ ንስሐ እገባበታለሁ። የአንተን አንተ ትናገራለህ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይራው ሥር ና፤ አጠገብህ እቆማለሁ።»

እሑድ ሆነ። ውኃው እንደ ሰንበት ልማዱ በርትቶ ይጎርፋል፤ ቅዳሜ ፈረቃው መጥቶ ነበርና። ጥላዬ ድንጋይ ላይ ወጣ። ቄሱ ገና ሥርዓታቸውን ጨርሰው አልመጡም ነበር፤ እርሱ ግን ውዴ ጣሳዋን ስትሞላ አየና አላስቻለውም።

«ወገኖቼ! ይኸ ጠበል አይደለም! የሻወር ቤት እጣቢ ነው! እኔ ነኝ ያፈለቅሁት!»

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች።

«ያዘው! ጠበሉ ያዘው! አስለፈለፈው!»

ይህን የማያውቅ ካለ ላስረዳው። እኛ ዘንድ ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ጠበል ሲቀርብ ይጮኻል፤ ጠበሉን ይሰድባል፤ «እኔ ነኝ» እያለ ይለፈልፋል። ጥላዬ ያደረገውም በትክክል ይኸንኑ ነው። ሰው ሁሉ ተረዳው፤ ከተናገረው በቀር። ሁለት ጎረምሶች እጆቹን ጠመዘዙ፣ አንዱ በባልዲ ሙሉ ከለበሰበት።

«ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!»

«ጥላዬ!»

«ሰውየውን አልጠየቅንህም! ያደርህበት አንተ ማነህ?»

«እኔው ጥላዬ! ሻወር ቤት ያለሁት! ውይ ቀዘቀዘኝ!»

«ቀዘቀዘኝ አለ! ተቃጠለ! ጨምርበት!»

ጨመሩበት። ሰውየው ሲያጥብ በኖረበት ውኃ ታጠበ። «እጣቢ ነው» ባለ ቁጥር አንድ ባልዲ፣ «በርሜል ነው» ባለ ቁጥር አንድ ባልዲ። ዝም ቢል ደግሞ «ልጓም ሆኖ አፉን ይዞታል» ብለው ጨመሩ። ሎጂክ የሚባለው ነገር በከተማችን በፈረቃ እንኳ አይመጣም።

ቄስ ምሕረትአብ በመስቀላቸው ሰዉን እየከፈሉ ሲደርሱ ጥላዬ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ልቀቁት!» አሉ። «ጋኔን የለበትም። የተናገረው እውነት ነው።»

«እንዴ አባ! እርስዎም?» አለ ባልዲ የያዘው ጎረምሳ፤ ባልዲውን ግን ቄስ ላይ ሊያነሣ አልደፈረም።

«እንግዲያው ዓይታችሁ እመኑ። ፍቅርተ የት አለች? ላይ ወጥታ መዝጊያውን ትዝጋ።»

ፍቅርተ ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ወጣች። ሕዝቡ ውኃውን ያያል። ጎረፈ፣ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«ደፍረነው ነው የነጠፈ!» ብሎ አንዱ በግንባሩ ተደፋ።

«ፍቅርተ! ክፈቺው!» አሉ ቄሱ ጮኸው። ውኃው ተመለሰ። «ዝጊው!» ቆመ። «ክፈቺው!» መጣ። ሦስተኛው ላይ በግንባሩ የተደፋው ሰው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ፍቅርተ ከላይ ሆና «ኧረ እጄ ተላጠ! አመናችሁ ወይስ ልድገም?» አለች።

መጀመሪያ የገባት ውዴ ናት። ጣሳዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«አያ ጥላዬ፣ የማንን ገላ ነው የጠጣሁት?»

«የሁላችንንም።»

«ያንተም አለበት?»

«ትናንት ታጥቤያለሁ።»

«እኮ!» ብላ ተፋች። «እኔም ጣዕሙ ከፍቶኝ ነበር!»

የቀረውን እግሩ ላይ ደፋችው። ከዚያ ሆዷን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ራስጌዋ የነበረውን ጀሪካን አውጥታ ጓሮ ገለበጠችው። በማግሥቱ ፍቅርተ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ምን እንደጠጣች ስትጠይቃት ውዴ «ከተማውን» ብላ መለሰች። ኪኒኑን እንደገና ጀመረች። ጨጓራዋ ፈጽሞ ዳነ አልልም፤ ጠላዋን ቀምሳ መሸጧን አልተወችምና። ግን ቆማ ትሄዳለች፣ ትሳደባለች።

ከተማውስ? ከተማው አኮረፈ። ለተወሰነ ጊዜ ሻወር ቤቱን የሚረግጥ ጠፋ፤ በኋላ ገላው ሲበላው ጊዜ አንድ አንድ እያለ ተመለሰ። ቂም እስኪያሳክክ ድረስ ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። ጥላዬ ወይራው ሥር ጎመን ተክሎ ነበር፤ አማረለት። ገበያ ሲያወጣው ሰው አፍንጫውን ያዘ። «በእጣቢ የበቀለ ጎመን? ይዘገንነኛል!» ያው ባልዲ የያዘው ጎረምሳ፣ ያው በጣሳ ሲጨልጥ የነበረ፣ ቀቅሎ መብላት ዘገነነው። ሰፊው ሕዝብ እንዲህ ነው፤ የማይጠጣውን ይጠጣል፣ የሚበላውን ይጸየፋል። በዚያው ሰሞን ነጋዴው የቧንቧ ውኃ ደጃፉ ላይ መርጨቱን አላቋረጠም። እሱ አልዘገነነውም።

ሀብታሙ ኮሚቴው ሳይቀመጥ መጣ፤ ይህ ይመዝገብለት። ቧንቧውን አስቆፍሮ አፉ በግልጽ እንዲታይ አደረገ። ሰው ሰብስቦ «የተቀናጀ» ብሎ ሊጀምር ሲል ውዴ አቋረጠችው።

«አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ። እሱ ይናገር፤ ቢያንስ ሲዋሽ አልሰማሁትም።»

ጥላዬ ተነሣ። «ይኸ እጣቢ ነው» አለ። «አይጠጣም። ጭቃ ያቦካል፤ ችግኝ ያሳድጋል፤ አቧራ ያበርዳል። የቧንቧውን ውኃ ለጉ... ለጉሮሯችሁ አቆዩት። ሌላ የምለው የለኝም፤ ብርድ ከያዘኝ ወዲህ ድምፄም አልተመለሰ።» ሰው ሳቀ። የሳቀ ሰው ይሰማል። ውዴ የጠላ ቤቷን ግድግዳ ጭቃ በእጣቢው አስቦካች። ቄስ ምሕረትአብ የደብሩን ችግኝ ያጠጡበት ጀመር፤ ሲያስተምሩም ሳይባረክ የተጠጣውን ውኃ ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ የራሳቸውን ዝምታም ጨምረው።

ወይራው ሥር «የማይጠጣ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ማንበብ የማይችሉት ሰሌዳውን ይሳለሙት ጀመር። ስለዚህ ጥላዬ ውኃ ባለበት ቀን ራሱ እዚያ ይቆማል፤ ለመጣው ሁሉ በአፉ ይናገራል። የሚመጡት ደግሞ አላለቁም። ከወንዛዬ ፍል ውኃ ሲመለሱ ጎራ የሚሉ አሉ፤ ከአንበሳሜ የሚመጡ አሉ። «ጠበል ፈለቀ» የሚለው ወሬ ክንፍ አለው፤ «አልፈለቀም» የሚለው በእግሩ ነው የሚሄድ፣ ያውም አሮጌ ጫማ አድርጎ።

ዛሬ ጧት አንዲት እናት ያመመውን ልጇን አዝላ ወደዚህ ተነሥታለች ሲሉ ሰማሁ። ጥላዬ እዚያ ከሆነ መልካም፤ ግን እሱም ሰው ነው፣ ምሳ ይበላል። እንግዲህ የወይራውን ፎቶ በስልክህ አንሥተህ «አሜን ብላችሁ ለወዳጅ ዘመድ አድርሱ» ብለህ የላክህ፣ እውነቱን ከሰማህ በኋላ ግን ጣትህ የከበደህ አንባቢ ሆይ፣ አንተን ነው የምለው፤ ያንን ስልክህን አውጣና፣ ሴትየዋ ጣሳውን ለልጇ ሳትሰጠው፣ እባክህ...